ሁለት ቀን የተባለው መንገድ

በበረራ ዕቅድ ክፍል ውስጥ እሱን በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ «ደቂቃ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት አብራሪዎቹ ናቸው። ሌላው ሠራተኛ «ስድስት ሰዓት ግድም ይፈጃል» ሲል እሱ «አምስት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት» ይላል፤ አውሮፕላኑም አብዛኛውን ጊዜ ቃሉን ያከብርለታል። ሥራው እንዲህ ነው፦ ከአንዱ ማረፊያ እስከ ሌላው ያለውን ርቀት ይይዛል፣ የላይኛውን ንፋስ ያያል፣ የጭነቱን ክብደት ይደምራል፣ ነዳጁን ያሰላል፣ የታሰበው ማረፊያ በጉም ቢዘጋ አውሮፕላኑ የት እንደሚሄድ ቀድሞ ያስባል። ሁሉንም በጥቂት ገጽ አትሞ ካፒቴኑን ያስፈርማል። ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ የሙያ ፈቃዱ በመስታወት ተከድኖ ተሰቅሏል። በአምስት ደቂቃ ከተሳሳተ ምሳ አይበላለትም።

እንግዲህ እናቱን ስለ አንድ መንገድ ርዝመት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዋሻት ይኸው ሰው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ገና ሠልጣኝ ሳለ፣ በሥልጠና ማዕከሉ ኮሪደር ላይ ነው። ከምሳ በኋላ ታናሽ እህቱ ደወለች። «ጋሼ» አለችና ከዚያ በኋላ ልቅሶ ብቻ ሆነ። አባታቸው ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ ወድቆ በዚያው ቀርቷል። ቀብሩ በማግስቱ በአራት ሰዓት ነው። ደቂቃ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ያዘነው ከልቡ ነው፤ በዚህ አንማው። ግን በማግስቱ በሦስት ሰዓት የሙያ ፈቃድ ፈተና ነበረበት። በዓመት አንዴ የሚሰጥ፣ የቀረበት ሠልጣኝ ሻንጣውን የሚያነሳበት ፈተና ነው።

ወደ አገሩ የሚሄደውን አውሮፕላን አላጣውም። በዚያው ማታ በአምስት ሰዓት ተነስቶ ሲነጋ የሚደርስ አለ። ርቀቱ አምስት ሺህ ስምንት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር፣ በረራው ሰባት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ። ከማረፊያው እስከ እናቱ ቤት ደግሞ በመኪና ሦስት ሰዓት ነው። ይህን ሁሉ እህቱ እያለቀሰች በሆዱ አስልቶ ጨርሷል። ከዚያ አፉ ለብቻው ተናገረ።

«በቀጥታ የሚመጣ አውሮፕላን የለም» አላት። «ሦስት ቦታ ይቀየራል። ሁለት ቀን ይፈጃል። ምንም ብበር ለቀብሩ አልደርስም።»

እናቱ ስልኩን ከእህቱ እጅ ተቀበለች።

«ልጄ፣ አትንገላታ» አለችው፣ በዚያ በተዘጋ ድምጿ። «ሁለት ቀን ሙሉ ብቻህን ሰማይ ላይ እያለቀስክ አትመጣም። አባትህ ያውቅልሃል። እኔም አውቅልሃለሁ።»

ልታጽናናው እንጂ ልትጽናና አልነበረም የተቀበለችው። እሱም ተጽናና። በማግስቱ ተፈተነና ከሠላሳ ሁለት ሰው አንደኛ ወጣ። ካስመዘገባቸው ሙሉ ነጥቦች አንዱ በሁለት ማረፊያዎች መካከል ያለውን የበረራ ጊዜ አስላ ለሚል ጥያቄ የተሰጠ ነበር።

አንድ ጊዜ የተዋሸ ውሸት እንደ ቤት እንስሳ ነው፤ በየቀኑ መኖ ይፈልጋል። እናቱ በየስልኩ ትጠይቃለች። «እዚያ አውሮፕላን የምትቀይሩበት ቦታ፣ የምትተኙበት አለ?» «ወንበር ላይ ነው፣ እማዬ።» «ብርድ የለውም?» «አለው እንጂ።» «ሆዴ! እንግዲያውስ አትምጣብኝ፤ ፎቶህን ላክልኝ።» እንዲህ እየተባለ ዓመቱ ተቆጠረ።

በዘጠኝ ዓመት ሁለት ጊዜ ሄዷል። የሄደውን አካሄድ ግን ለጠላት አይስጥ። ሰኞ ተነሳሁ ብሎ ይደውላል፤ ሰኞ ማታውኑ ይደርሳል፤ ከዚያ ማረፊያው አጠገብ ካለ ሆቴል ገብቶ መጋረጃውን ዘግቶ እስከ ረቡዕ ይደበቃል። ረቡዕ ጠዋት ጺሙን ሳይላጭ፣ ሸሚዙን በእጁ ጨምድዶ ለብሶ፣ መኪና ተሳፍሮ እናቱ በር ላይ ከች ይላል። እናቱ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ «አየህ፣ መንገዱ እንዴት እንዳጠወለገህ!» ትላለች። አስተኝታው በግቢው የሚጮኸውን ሁሉ ስታባርር ትውላለች። እሱ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ሆቴል ውስጥ ተኝቶ የመጣ ሰው፣ እንቅልፍ ከየት ይምጣ? ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ዓይኑን ጨፍኖ ይውላል። እፍረቱ ያኔ ይመጣበታል። ሲነሳ ግን አብሮት ይነሳል እንጂ ለመናገር አያበቃውም።

ዘንድሮ ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደችለት። ሚስቱ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ያሰበችውን ሳታሳድር የምታደርግ ሴት ናት። የሠራተኛ ቤተሰብ በዓመት አንድ ነፃ ትኬት እንደሚያገኝ ታውቃለች፤ ቅጹን ራሷ ሞልታ፣ ራሷ አስፈርማ፣ ሲያልቅ ነገረችው።

«ለእማማ ትኬት ቆረጥኩላቸው! የልጅ ልጃቸውን ይዩዋት እንጂ፣ በፎቶ እስከ መቼ?»

ደቂቃ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ጉልበቷን ያማታል እኮ።»

«ሰባት ሰዓት ቁጭ ብሎ ለመምጣት ጉልበት ምን ያደርጋል?»

ማንኪያውን መልሶ አነሳ። ሚስቱ ሾርባዋን ቀጠለች። እሷ ስለ ውሸቱ የምታውቀው የለም። አማቷ በስልክ «ለልጅ ልጄ ሁለት ቀን ምን አላት!» ስትላት፣ የመኪናውንም የጥበቃውንም ደምራ መስሏት «ልክ ነው እማማ፣ ምን አላት!» ብላ ስቃለች።

ለመናዘዝ ሦስት ሳምንት ነበረው። ሦስት ሳምንት ቀላል አይደለም፤ ሰው በሦስት ሳምንት ቤት ይቀይራል። በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይደውላል።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

«ምን ሆንክ? ልጅቷ ታመመች?»

«አይ፣ ደህና ናት። እ… ሹራብ ያዢ። አውሮፕላኑ ውስጥ ይበርዳል።»

«ይዣለሁ። ሁለት።»

በሚቀጥለው ቀን ስለ ካልሲ ነገራት። በሌላው ቀን ስለ ጫማ። በሦስተኛው ሳምንት የሚነግራት ልብስ ስላለቀበት መድኃኒቷን እንዳትረሳ አሳሰባት። «የሁለት ቀኑን ለይቼ በእጅ ቦርሳዬ አድርጌዋለሁ፤ የቀረው ሻንጣ ውስጥ ነው» አለችው። በመጨረሻ ያንን ውሸት በሌላ ውሸት ለመቅበር ወሰነ። ስትደርስ እቅፍ አድርጎ «እማዬ፣ አዲስ መስመር ተከፈተ! አሁን በቀጥታ ነው!» ይላታል። አሳማኝ ነው። ደስም ይላታል። በመኪናው መስታወት ራሱን እያየ አንድ ሁለቴ ተለማመደው፤ ፈገግታው ላይ ትንሽ ቀረው እንጂ ቃሉ ደህና ነበር።

የምትመጣበት ቀን ጠዋት ተረኛ ነበር። ከጧቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የእናቱ አውሮፕላን ዕቅድ ጠረጴዛው ላይ መጣ። ኩባንያው የሚያበራቸውን ሁሉ የሚያሰላው የነሱ ክፍል፣ ያን ጠዋት ተረኛውም እሱ ነውና ሌላ ሰው ላይ ሊጥለው አይችልም። ያን ቀን ንፋሱ እንኳ አሾፈበት፤ ከኋላ የሚገፋ ሆነ። ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ስምንት። ደቂቃ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ስክሪኑን አየው። በሌላ መስመር አዙሬ ልላከው እንዴ የሚል ሐሳብ ሽው አለበት፤ በራሱ አፈረና ትክክለኛውን አትሞ ላከ። ቁጥሩን መዋሸት አይሆንለትም፤ እናቱን ነው እንጂ።

በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሥራውን አስረክቦ፣ ሸሚዙን ቀይሮ፣ ወደ መንገደኞች መውጫ ሄደ። አውሮፕላኑ አሥር ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አረፈ። ሰው ሻንጣውን እየጎተተ ይወጣ ጀመር። አቃፊው አቀፈ፣ አልቃሹ አለቀሰ፣ አዳራሹ እየሳሳ ሄደ። እናቱ የለችም። አዲሱን ውሸት በምላሱ ሥር እንደ ከረሜላ ይዞ ቆመ። አርባ ደቂቃ አለፈ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ፤ የካቢን ኃላፊዋ ናት። በሥራ ስለሚገናኙ ይተዋወቃሉ።

«ደቂቃ፣ የት ነህ? እናትህ እዚህ ናቸው። አልወርድም ብለዋል።»

«አሟታል?»

«ጤነኛ ናቸው። ‹የምወርደው ነገ ማታ ነው› ነው የሚሉት። ጽዳቶቹ እየጠበቁ ነው፤ ቶሎ ና።»

የሥራ መታወቂያውን አሳይቶ ፍተሻውን አለፈና ረጅሙን መተላለፊያ በሩጫ ጀመረው። መሐል ላይ ሲደርስ ሩጫውን ትቶ በእርምጃ ጨረሰው። በሩ ላይ ስድስት የጽዳት ሠራተኞች ባልዲና ከረጢት ይዘው ተሰልፈዋል። ሁለቱ አብራሪዎች ኮፍያቸውን እንዳጠለቁ ቆመው ይጠብቃሉ። ካፒቴኑ ጠዋት የሱን ዕቅድ የፈረመው ነው፤ «ሰዓቱን በትክክል ነው ያመጣኸው» ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው። ደቂቃ አልፎት ወደ ውስጥ ገባ።

እናቱ ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ባዶ ወንበሮች መሐል ብቻዋን ተቀምጣለች። ቀበቶዋን ጥብቅ አድርጋ አስራለች። ጭኗ ላይ የተዘረጋ ፎጣ አለ፤ ፎጣው ላይ ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና ግማሽ ዳቦ፤ የቀረው ስንቅ ከእግሯ ሥር በዘንቢል። መስቀያው ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ቀሚስ አንጠልጥላለች። ለሁለተኛው ቀን ነው፤ ምራቷ ፊት ተጨማድዳ እንዳትደርስ።

ስታየው ፊቷ ሁሉ በራ።

«ልጄ! ሆዴ! እስከዚህ ድረስ መጣህ?»

ጎንበስ ብሎ ሳማት። አንገቱን እቅፍ አድርጋ አልለቀው አለች፤ በትከሻው ላይ አሻግራ ለካቢን ኃላፊዋ ትናገራለች።

«አላልኩሽም ልጄ? ይኸው! ብቻዋን አትንገላታም ብሎ ግማሽ መንገድ ድረስ ሊቀበለኝ መጣ። የአንድ ቀን መንገድ! አራስ ሚስቱን ትቶ! አባቱ የሞተ ጊዜ መንገዱ ነው ያላደረሰው፤ ሁለት ቀን በሰማይ ምን ያድርግ? እንጂማ የሱን ዓይነት ልጅ ማን ወልዶ?»

የካቢን ኃላፊዋ ፈገግ ብላ ታዳምጥ ነበር። «አባቱ የሞተ ጊዜ» የሚለው ላይ እናቱ ስትደርስ የኃላፊዋ ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። ደቂቃን አየችው። ከዚያ ቶሎ ዓይኗን ወደ ወለሉ መለሰች፤ ዕርቃኑን ያየችው ይመስል። ከጽዳቶቹም አንዷ ጉሮሮዋን ጠረገች። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ከእግሩ ሥር ያለው ግን የአውሮፕላን ምንጣፍ ነው።

«እማዬ…» አለ፤ አዲሱን መስመር ሊያወጣው አፉን ከፈተ።

እናቱ ቀደመችው። «ይቺ ልጅ ደግሞ እኮ ግራ አጋባችኝ። ጨዋ ልጅ ናት፣ ውሃ ስታጠጣኝ ነው የዋለችው። ግን ‹ደርሰናል፣ መንገዱ ይኸው ነው፣ ድሮም ሰባት ሰዓት ነው፣ ዐሥራ አራት ዓመት በረርኩበት› ትለኛለች። ከሌላ አገር ጋር አምታትታዋለች መሰለኝ። አንተ ታውቀዋለህ፣ ሥራህ ነው። ንገራት እስቲ።»

የካቢን ኃላፊዋ «እኔ ተሳስቼ ይሆናል እማማ» ልትል ስትዘጋጅ ደቂቃ ከንፈሯ ላይ አየው፤ ለሱ ብላ፣ የሷ ባልሆነ ውሸት ልትገባ። ይህን ነው መሸከም ያቃተው።

«እሷ ልክ ናት፣ እማዬ» አለ።

«እንዴት?»

«ደርሰሻል። ሰባት ሰዓት ነው።»

እናቱ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች፣ ከዚያ እሱን አየች። ጣቶቿ ጭኗ ላይ ያለውን ፎጣ ማጠፍ ጀመሩ። አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው።

«ያኔም?»

«ያኔም።»

እንቁላሎቹን በፎጣው ጠቀለለች። ቀበቶውን ልትፈታ ሞከረች፤ አልፈታ አላት፤ እሱ ተንበርክኮ ፈታላት። ሲነሳ ፊቷን ሊያይ አልደፈረም። ዘንቢሉን ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረችው። ለካቢን ኃላፊዋ «አስቸገርኩሽ ልጄ፣ ይቅር በይኝ» አለቻትና በጽዳቶቹ መሐል አንገቷን ደፍታ አለፈች። ምንም ያላጠፋችው እሷ ናት አንገቷን የደፋችው። ደቂቃ ያንን ቀሚስ ይዞ ከኋላዋ ተከተላት።

በመኪናው ውስጥ ሲሄዱ እሱ ብዙ ተናገረ። ስለ ፈተናው፣ በዓመት አንዴ ስለ መሆኑ፣ ስለ ፍርሃቱ፣ ነገ ነገ ሲል ስለ መቆየቱ። ሁለት ጊዜ ሆቴል ውስጥ ስለ መደበቁም ነገራት፤ አሁን ምን ቀረ ብሎ። እናቱ ሕንፃዎቹንና መብራቶቹን ትመለከታለች። «መንገዱን ተመልከት» አለችው አንዴ፣ ወደ እሷ ሲዞር።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው።

«እማማ! እንኳን ደህና መጡ! መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ቅርብ ነው» አለች እናቱ።

ሚስቱ ሳቀች። ከዚያ የባሏን ፊት አየችና ሳቋ ቆመ። እናቱ ሕፃኗን ተቀብላ ግንባሯን ሳመቻት፣ ሽታዋን ወደ ውስጥ ሳበች፣ «አባቴን ትመስላለች» አለችና መልሳ ሰጠቻት። ሶፋው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠች። ደቂቃ ወጥ ቤት ገብቶ ለሚስቱ በሹክሹክታ ሁሉንም ነገራት። ሚስቱ ሰምታ ስትጨርስ አልተቆጣችም፤ ቢቆጡትማ ይቀለው ነበር። «በኔም አፍ ነው የዋሸሃቸው» ብቻ አለችውና ልጇን እሱ እቅፍ ውስጥ አስቀምጣ ውሃ ልታፈላ ዞረች።

ሕፃኗን እንደታቀፈ ሳሎን ሲመለስ እናቱ ጠበቀችው።

«ወደ ቤት እንዳትደውል» አለችው። «የምንደውለው ነገ ማታ ነው።»

«ለምን፣ እማዬ?»

«ሁለት ቀን ብዬ ነዋ የወጣሁት! ሰፈሩን ሁሉ ተሰናብቼ፣ ሁለት ቀን በሰማይ ነኝ፣ ጸልዩልኝ ብዬ። ዛሬ ደረስኩ ብል ምን ይባላል?» ዘንቢሏን ወደ እግሯ ሳበችው። «አንተን ለመሸፈን እንዳይመስልህ። ለራሴ ነው። ቀብሩ ላይ ‹ልጁስ?› ላለኝ ሁሉ ሁለት ቀን ነው ብዬ የመለስኩ እኔ ነኝ። አክስትህን ታውቃታለህ? ‹መምጣት የፈለገ ልጅ ይመጣል› ብትለኝ ሦስት ዓመት አኮረፍኳት። የገዛ እህቴን! በመጨረሻ እሷው ናት ‹ተሳስቻለሁ፣ መንገዱ ሩቅ ነው› ብላ በሬ ድረስ መጥታ ይቅርታ የጠየቀችኝ። እኔም ይቅርታዋን ተቀበልኩ መሰለህ! ኮራ ብዬ። አሁን በየት ዓይኔ ነው የማያት?»

ደቂቃ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ውሸቱ ያለው በሱና በእናቱ መካከል፣ በአንዲት የስልክ መስመር ላይ ይመስለው ነበር። በየደጁ እየዞረ በእናቱ አፍ እንደሚናገር አንድም ቀን አላሰበም።

በዚህ መሐል ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት። እናቱ እጇን አወናጨፈች፤ አታንሳ፣ አታንሳ። ሕፃኗ በአንድ እጁ ናት፤ በሌላው እጁ ጣት ነክቶ ድምፅ ማጉያውን ከፈተው። ከእንግዲህ ይህን ውሸት አንዲት ሌሊት እንኳ ላያሳድረው ቆርጧል።

«ጋሼ?»

«አለሁ። ስሚኝ፣ የምነግርሽ አለ። እናታችን ደርሳለች። ዛሬ፣ በሰባት ሰዓት በረራ። መንገዱ ሰባት ሰዓት ነው። ያኔም፣ አባዬ የሞተ ጊዜም፣ ሰባት ሰዓት ነበር። ዋሽቻችሁ ነው።»

እናቱ በሁለት እጇ ጉልበቶቿን ጨብጣለች።

«ነገርካት?» አለች እህቱ፣ በዝቅተኛ ድምፅ።

«ማንን?»

«እማዬን ነዋ። እኔማ አውቃለሁ፣ ጋሼ። ሁላችንም እናውቃለን። ያን ዕለት ስልኩን እንደዘጋህ አጎታችን ትኬት ልቁረጥለት ብሎ ትኬት ቢሮ ሄደ። በቀጥታ አለ፣ ሰባት ሰዓት ነው አሉት። እሱም ‹ልጁ ደንግጦ ነው፤ ሲረጋጋ ይመጣል፣ አትደውሉበት፣ አታሳፍሩት› አለን። ሌሊቱን መኪና ይዞ ሄዶ ማረፊያው በር ላይ ጠበቀህ። የመጨረሻው ሰው ወጥቶ በሩ እስኪዘጋ ድረስ። ቀብሩ ከጠዋት ወደ ዐሥር ሰዓት የዞረው እኮ አንተን ስንጠብቅ ነው።»

ደቂቃ ሕፃኗን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ዛሬ ሌሊት የሁለት ቀን ስንቅ የቋጠርኩላት እኔ ነኝ» አለች እህቱ። «ራሱ ይንገራት ብዬ ነው የተውኩት። ካልነገርካት ግን አደራ ጋሼ፣ አጎታችን መጠበቁን እንዳትነግራት። እሱን ከሰማች ትሞትብናለች።»

«መሬቱ ድንጋይ ነው ብላችሁኝ ነበር» አለች እናቱ።

በስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ሲሰበር ተሰማ።

«ቆፋሪዎቹ ድንጋይ ገጠማቸው፣ ለዚያ ነው ቀብሩ የዘገየው ብላችሁኝ ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሬሳው አጠገብ ተቀምጬ ስለ ድንጋዩ ነው ያለቀስኩት።» ጮክ አላለችም። «ሰፈሩም ያውቃል?»

«እማዬ…»

«መልሺልኝ።»

«ያውቃል።»

«ሁለት ቀን ነው ስል፣ አዎ ሩቅ ነው ይሉኝ የነበሩት፣ ሁሉም?»

እህቱ ማልቀስ ጀመረች። እናቱ ግን አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጠረጴዛው ቀረብ አለች።

«አክስትሽ አለች? ጥሪልኝ።»

ደቂቃ ከወለሉ ቀና አለ። «እማዬ፣ እኔ ልናገራት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅርታውን እኔ ልጠይቅ።»

«ያኮረፍኳት እኔ ነኝ» አለችው፤ ወደሱ ሳትዞር። «የኔን እኔ እላለሁ። አንተ በስልክ አይደለም፣ ሄደህ ነው የምትጠይቃቸው። አጎትህንም፣ እሷንም፣ እዚያ የተኛውንም።»

በስልኩ የበር ድምፅና የእግር ኮቴ ተሰማ። ሚስቱ ወጥ ቤት በር ላይ ፎጣ ይዛ ቆማለች። ከዚያ የአሮጊት ትንፋሽ፣ ከዚያም የአክስቱ ድምፅ መጣ። እህቱ ገና ምንም አልነገረቻትም ኖሯል። ከሩቅ ለሚገኝ ሰው እንደሚናገሩት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ሆን ብላ የተገረመች መስላ ጠየቀች።

«እህቴ! ከየት ነው የምትደውዪው? ገና መንገድ ላይ አይደለሽም እንዴ? አይዞሽ፣ ሩቅ ነው፣ ታገሺው። ለሰው ሁሉ ነገ ማታ ነው የምትደርሰው ብዬ ነግሬልሻለሁ።»

እናቱ ስልኩን ከጠረጴዛው አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው። ደቂቃ ፊቱን ሕፃኗ መጠቅለያ ውስጥ ቀበረ። አክስቱ ከወዲያ ማዶ «ሃሎ? ሃሎ?» እያለች ትጠብቅ ነበር።